የሆራው አጥር

በየነ ጦሩን ተከትሎ ከመንዝ ባሌ ገባ። ከጎባ በታች መሬት ሲመራ ሆራው አብሮ ደረሰው። ሆራ የአካባቢው ከብት በየተራው የሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ ነው፤ ከእርሱ የራቀች ላም ወተቷ ይነጥፋል። በየነ ይህን አላወቀም። የእኔ ነው ብሎ በእሾህ አጠረው።

በማግስቱ ጎረቤቱ፣ ሽማግሌው ኡመር፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መጡና ዝም ብለው ዘረጉለት። በየነ ደስ አለው። አመስግኖ ተቀበለና ለበቅሎው ሰጣት። ኡመር በቅሎዋ ስትበላ ጥቂት አይተው ተመለሱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከመንዝ አብረዋቸው የመጡት የሚስቱ የወለተኢየሱስ አባት፣ መሪጌታ ኃይለመስቀል፣ እንደ ልማዳቸው ኦሪት አነበቡላቸው። ተራው የይስሐቅ ነበር። የአባቱን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፈኑበት፤ ሌላ ቢቆፍር ተጣሉት። መሪጌታ ወደ ትርጓሜው ከመሻገራቸው በፊት ቆም አሉ። ከአጥሩ በኩል የከብት እምቧታ ይሰማል።

«ወንዝ በሞላበት አገር ቁጭ ብዬ፣ ጉድጓዱ ምስጢር ነው እያልሁ ዕድሜዬን አስተማርሁ» አሉ። «ምስጢርም ነው። ለካ ውኃም ኖሯል።»

በየነ ጋቢውን ሰበሰበ። ፍልስጥኤማዊ ያለው ሰው አልነበረም፤ ራሱን በራሱ አለ።

ወለተኢየሱስ ከኡመር ሚስት ኦሮምኛ ተምራ ነበርና ያን ጊዜ ነገረችው፦ በመንዝ የሚማጠን ሰው ድንጋይ ይሸከማል፤ እዚህ እርጥብ ሣር ይይዛል።

«እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። በቅሎዋ ወዳዋለች አሉኝ።»

ጧት አጥሩን ነቀለ። እጁን እሾህ እንደ ቧጨረው ሣር አጭዶ፣ ሚስቱን አስከትሎ ከኡመር ደጅ ቆመ። ሽማግሌው ሣሩን ተቀብለው አገላበጡት፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ወለተኢየሱስ ሳቋን እስክትውጥ ትርጉሙ ዘገየ።

«በቅሎ የለኝም፤ ላሜ ትብላው ወይ? ይሉዎታል።»

በየነ አቀረቀረ። ኡመር ግን ሣሩን ለላም አልሰጡም፤ እንደ ያዙት ወደ ሆራው ቀደሟቸው። መሬቱ የማን እንደ ነበረ በዚያ ቀን ማንም አላነሣም። ከብቱ ሁሉ ተራውን ይዞ ሲቆም፣ ሽማግሌው የበየነን በቅሎ አስመጥተው ከፊት አሰለፏት።