ተዘዋዋሪው ሹራብ

መምህርቷ ሹራቡን ያወቀችው ከልጅቷ በፊት ነው።

ሰባተኛዋ አመልካች በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት እንደ ልማዳቸው ከፊቷ በፊት ልብሷን አዩ። ግዴታቸውም ነበር። የዩኒቨርሲቲው የገንዘብ ድጋፍ መመዘኛ ቅጽ ላይ ከፈተና ውጤትና ከቤተሰብ ገቢ ቀጥሎ «ገጽታ» የሚል ረድፍ አለ፤ ሀያ ነጥብ ይይዛል። ማን እንዳስገባው የሚያስታውስ የለም። ሲያዩት አንጀት የሚበላ አመልካች ሀያ ያገኛል፣ ጫማውን የጠረገ አስር፣ ሽቶ የነካካውን ደግሞ እግዜር ይሁነው።

ልጅቷ የለበሰችው ቡኒ ሹራብ ግራ ክርኑ ላይ ጥቁር እራፊ ተጥፎበታል። ከኮሚቴው ትንሿ፣ ስታትስቲክስ የምታስተምረው መምህርት፣ እራፊውን ስታይ እስክሪብቶዋን አኑራ ወደ ፊት ጠጋ አለች። ስፌቱ እንደ ሰሊጥ ፍሬ የደቀቀ ነው፤ አራተኛው ጥግ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲያ የሚመልስ እጅ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። የአባቷን። እሳቸው ደግሞ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው።

የአባቷ ስፌት ቤት ስፋቱ ከአንድ አልጋ ብዙም አይበልጥም ነበር። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው፣ በግድግዳው በኩል የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ እሷ። ዛሬም ትኩስ ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ከየትም ቢመጣ እግሯን ያስረዋል። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አዝራር ነበራቸው። ስታኮርፍ «በይ በቀለም በቀለሙ ለይልኝ» ይሏታል፤ ለይታ ስትጨርስ ኩርፊያውም አብሮ ያልቃል። ዞር ስትል መልሰው ይደባልቁታል፣ ለሚቀጥለው ኩርፊያ።

አስራ ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ የድጋፍ ቃለ መጠይቁ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የሰፈሩ ቆርቆሮ ነጋዴ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት አዲስ ሹራብ ይዞ ከተፍ አለ።

«ይቺን ያስረጁልኝ» አለ።

አባቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «አርባ ዓመት ስሰፋ፣ ሰው አሮጌ አምጥቶ አድስልኝ ይላል እንጂ…»

«ልጄ ለድጋፍ ሊቀርብ ነዋ! ኮሚቴው ሲያየው አንጀቱ ይንሰፍሰፍ። ክርኗን ቀደድ፣ ከዚያ ጠቀም ጠቀም። ደግሞ አደራዎን፣ እንዳያሳምሯት።»

አባቷ ክርኑን በጡብ ፈገፈጉት፣ ቀደዱት፣ እራፊ አኖሩበት። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። አለማሳመሩ ነው ያቃታቸው። አጣመው ሰፉት፣ አዩት፣ ፈቱት። እንደገና አጣመሙት፣ እንደገና ፈቱት። በሦስተኛው «እጄ እምቢ አለኝ» አሉና እንደ ልማዳቸው አሳምረው ጣፉት። ነጋዴው መጥቶ ሲያየው ራሱን ያዘ። «አበላሹትኮ!» ብሎ የዋጋውን ግማሽ ወርውሮ ሹራቡን ይዞ ሄደ።

የእሷም ቃለ መጠይቅ ከነጋዴው ልጅ ጋር በአንድ ቀን ነበር። ጎረቤታቸው ነርሷ በመስኮት ብቅ ብላ «ጋሼ፣ እሷም በቤት ቀሚሷ ትሂድ፤ ብልጥ ይሁኑ እንጂ» አለቻቸው።

«ልጄን ቀዳድጄ አልልክም» አሉ። «ሰው ፊት የምትቀርበው ሰው ሆና ነው።»

የደንበኛ ሥራ አስቀምጠው ሁለት ቀን ሙሉ ኮት ሰፉላት። ከአስራ አንድ ደንበኛ ልብስ የተረፈ ቁራጭ ነው፤ ውጪው ግራጫ በግራጫ፣ መጋጠሚያው በአጉሊ መነጽር እንኳ አይገኝም። ገበሩ ግን አንዱ ቁራጭ ሰማያዊ፣ አንዱ ባለ መስመር፣ አንዱ የመጋረጃ አበባ። ድህነታቸው እንዳለ በውስጥ በኩል ነበር።

የያኔው ሰብሳቢ ከላይ እስከ ታች አያትና «አባትሽ ፋብሪካ አላቸው?» አላት።

«ልብስ ሰፊ ናቸው።»

«እንዲህ የሚሰፋ ሰው ምን ጎድሎት!»

ኮቱን ገልብጣ ገበሩን ማሳየት ትችል ነበር። አፈረች። የነጋዴው ልጅ አለፈ፤ እሷ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ እስኪጠራቀም ሁለት ዓመት ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ስትዘመዝም ቆየች። እውነቱን ለመናገር፣ እነዚያን ሁለት ዓመታት ዛሬ በየትኛውም ድጋፍ አትለውጣቸውም። አባቷ ስለ ኮቱ አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። እሁድ እሁድ ብቻ፣ ያለ አንዳች ምክንያት፣ አውጥተው ይተኩሱት ነበር።

ሹራቡ በበኩሉ ሥራውን ቀጠለ። የነጋዴው ልጅ ለአክስቱ ልጅ ሰጠው፣ እሱም ለጎረቤቱ። ገድ አለው ተባለ። ሁለት መሐንዲስና አንድ ዳኛ አስመርቋል ሲባል ሰምታ፣ ወሬ ነው ብላ ስቃ አልፋ ነበር።

«ዶክተር» አለ የዛሬው ሰብሳቢ ወደ መምህርቷ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ይሄን ሹራብ አምና አይቼዋለሁ።»

«ካቻምናም» አለች ሦስተኛዋ፣ ሬጅስትራሯ።

«እንግዲያው አጭበርባሪ ናት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ሰረዝኳት።» ቀይ እስክሪብቶውን አነሳ። ልጅቷ ድጋፉን ካላገኘች መመዝገብ እንደማትችል ማመልከቻዋ ላይ ተጽፏል፤ የተጻፈው እሱ ክንዱን ባሳረፈበት ገጽ ላይ ነው።

«አንዴ ቆየኝ» አለች መምህርቷ። «እህቴ፣ እስቲ ሹራቡን አውልቂው።»

ልጅቷ ሹራቡን በአናቷ ሳበችው። ከሥሩ ነጭ ሸሚዝ ወጣ፤ የእጅጌው የካውያ እጥፋት ጣት ይቆርጣል። መምህርቷ ተነስታ ጠጋ አለች። ኮሌታው ተፈትቶ፣ ያለቀው ፊት ወደ ውስጥ ተገልብጦ፣ እንደገና ተሰፍቷል። አባቷ ሌላ ሸሚዝ መግዛት ላልቻለ ደንበኛ የሚሠሩት ሥራ ነበር።

«ኮሌታውን ማን ገለበጠው?»

«እናቴ። ሆስፒታል ጽዳት ናት።» ልጅቷ ወለሉን እያየች ቀጠለች። «በሸሚዝሽ ሂጂ ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ጎረቤቶች ሸሚዙ ያምራል፣ ይጥሉሻል አሉኝ። ሹራቡን ሰፈር ውስጥ በተራ ነው የምንለብሰው።»

ሬጅስትራሯ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ሰብሳቢው አልሳቀም። «እሺ፣ ድሃ ናት እንበል። ገጽታ ላይ ስንት ልስጥ? ሹራቡ ሀያ ነው፣ ሸሚዙ አስር።»

«ሀያውን ለሹራቡ ስጠውና እሱን መዝግበው» አለች መምህርቷ። «ይኸው ስንት ዓመት በድጋፍ ስናስተምረው!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ ኮት ለብሼ መጥቼ ነው የወደቅኩት። እዚሁ ክፍል፣ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ።»

ሰብሳቢው ቀና ብሎ አያት። ይህን አያውቅም ነበር። ቅጹን ጥቂት ጊዜ አገላበጠና «ገጽታ» የሚለው ረድፍ ላይ ቀይ መስመር ሳበበት።

«ለዛሬ ብቻ» አለ።

ሬጅስትራሯ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈችው፤ «ብቻ» የሚለውን ግን ዘለለችው።

ያለዚያ ረድፍ ሲደመር ልጅቷ በራሷ ውጤትና በእናቷ ደመወዝ አለፈች። እንባዋን በሸሚዙ እጅጌ ልትጠርግ አለችና፣ እጥፋቱ እንዳይበላሽ ብላ በመዳፏ ጠረገችው። በሩ ጋ ስትደርስ «ሹራቡስ?» አለች።

«እዚህ ይቆይ።»

መምህርቷ አውራ ጣቷን እራፊው ላይ አሳለፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራተኛው ጥግ። አባቷ በሕይወታቸው አበላሹት የተባሉት ሥራ ይሄ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ትከሻ ሲፈራረቅበት አንድ ክር አልላላም።

በሩ ተንኳኳ። ስምንተኛው አመልካች፣ ፀጉሩን አሳምሮ ያበጠረ ረጅም ወጣት፣ አንገቱን ብቻ አሰገገ።

«ይቅርታ… ሹራቡን ጨረሳችሁበት?»

«ጨርሰናል» አለችው። «አንተ እንዳለህ ግባ።»

ሹራቡንም እራፊው ወደ ላይ እንዲሆን አጠፈችው፣ አባቷ ያለቀ ሥራ ባለቤቱ እስኪመጣ አጥፈው እንደሚያስቀምጡት፣ ቦርሳዋ ውስጥም ከተተችው።