ባዶው ዋንዛ

ሚሊኒየሙ በገባ በሁለተኛው ወር የመንደራችን ሚካኤል ትልቁ ከበሮ ተሰነጠቀ። ለኅዳር በዓል አዲስ ሊጠረብ ግድ ሆነ። አናጺው አያ ንብረት ከቡሬ መንገድ እስከ ወንዙ ዞረው ዞረው የመረጡት የእትዬ ንግሥቴን ዋንዛ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ያለው ጥላ እሱ ብቻ፣ አራቱ የንብ ቀፎዎቻቸው የተሰቀሉትም እሱ ላይ።

«ለሚካኤል እንቢ አልልም» አሉ እትዬ ንግሥቴ። ዓይናቸው ግን ከቀፎዎቹ አልተነቀለም።

እኔ ወይኒቱ እባላለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከእንጨት የተማርሁትን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን ቡሬም ፍኖተ ሰላምም የለም። አባቴ ግንድ ሲሰነጥቅ እኔ በምሳር ጀርባ እያንኳኳሁ አደግሁ። ጤነኛ እንጨት ጥርት አድርጎ ይመልስልሃል፤ የበሰበሰ እንደ በሽተኛ ያጉተመትማል። የግንዱን አንድ ጫፍ በምስማር ጫር ጫር ሲያደርጉት ደግሞ በሌላው ጫፍ ጆሮውን የለጠፈ ሰው ይሰማል። መሐሉ ተሰንጥቆ ከሆነ ድምፁ መንገድ ላይ ይቀራል።

ዋንዛው ሊገነደስ ሰው በተሰበሰበበት ጠዋት፣ «ከወንዙ ዳር ነፋስ የጣለው ዋንዛ አለ» አልሁ።

«አንኳኩቼዋለሁ» አሉ አያ ንብረት። «ባዶ ነው። ልቡን ምስጥ ጨርሶታል።»

«ከበሮው ተሠርቶ ሲያልቅ ሆዱን በምን ሊሞሉት ነው፣ አያ ንብረት? በጤፍ?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አርባ ዓመት ምሰሶ አቁሜያለሁ። ባዶ የጮኸ እንጨት እጥላለሁ!»

«ለምሰሶ ይጣሉት። ለከበሮ ግን ምስጡ የግማሽ ወር ሥራዎን ሠርቶልዎታል። ዙሪያው ጤነኛ መሆኑን ብቻ እንጠይቀው።»

«እንጨት ከሰው ጋር ያወራል ልትይን ነው?»

«ከሰው ጋርማ ያወራል። የተኳረፈው ከእርስዎ ጋር ነው።»

መሪጌታ ክንፈሚካኤል በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉና «ወርደን እንየው» አሉ። በዜማ አንዲት ድምፅ ብትዛነፍ የሚይዝ ጆሮ አላቸው፤ ስለዚህ አድማጭ እሳቸው እንዲሆኑ ለመንሁ።

ወንዙ ዳር ወርደን መሪጌታ ከግንዱ ራስ ጎንበስ አሉ። እኔ ከግርጌው ጫርሁ።

«አልሰማሁም።»

ደግሜ ጫርሁ።

«ምንም።»

«አላልኋችሁም?» አሉ አያ ንብረት፤ ምሳራቸውንም አነሡ። እትዬ ንግሥቴ ወደ ግቢያቸው ዞረው ሲያዩ ልቤ ተሰበረ። ቀና ስል ግን ነገሩን አየሁት። የመሪጌታ ጥምጥም ጆሯቸውን እስከ ታች ሸፍኖታል። እንግዲህ መሪጌታን በሕዝብ ፊት ጥምጥምዎን ይፍቱ የሚል ማነው?

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንጨቱ አልደነቆረም።»

«ታዲያ ማን ደነቆረ?»

«ጥምጥምዎ።»

መሪጌታ አዩኝ፣ አዩኝና ሳቃቸው አመለጣቸው። ጥምጥሙን እንዳለ አውልቀው፣ «ያዝልኝ» ብለው ለአያ ንብረት ሰጧቸው። አያ ንብረት ምሳሩን መሬት አስቀምጠው ጥምጥሙን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ቆሙ።

ጫርሁ።

«ሦስት!»

ልክ ነበሩ፤ የጫርሁት ሦስት ጊዜ ነው። ዙሪያውን እየተዘዋወርን ጫርሁ፣ እሳቸው ቆጠሩ። «አምስት። ሁለት። ... እዚህ ጋ ጠፋ።» በዚያ በኩል ከግርጌው ስንጥቅ ነበረ። ስንጥቁ እስከሚያልቅበት በከሰል አሰመርሁና «ከዚህ በላይ ይቁረጡ» አልኋቸው።

ቆረጡ። ኅዳር ሚካኤል ከበሮው ሲመታ ድምፁ እትዬ ንግሥቴ ግቢ ድረስ ደረሰ። ንቦቹ ስለ መደንገጣቸው ለብቻዬ ተነግሮኛል፤ እትዬ ንግሥቴ ራሳቸው ማር ይዘው መጥተው ነው የነገሩኝ።

በሳምንቱ አያ ንብረት የጽድ ግንድ በአህያ አስጎትተው ደጃችን ቆሙ።

«ወይኒቱ፣ ነይ ጫሪልኝ።»

«ጆሮዎን ገልጠዋል?»

የተከናነቡትን ጋቢ ከጆሯቸው ገፈፍ አደረጉ። «ገልጫለሁ፣ አንቺ ክፉ!» ብለው ከግንዱ ጎን ተንበረከኩ።