የትከሻ ልክ

በአንቲጓ ከተማ የእመቤታችንን ምስል በሰሙነ ሕማማት በትከሻቸው የሚሸከሙ ሴቶች፣ ሸክሙ እንዳያዘነብል አስቀድሞ ቁመታቸው ይለካል። ብሪሂዳ አጭር ስለሆነች በየዓመቱ ጫማዋ ውስጥ ጨርቅ ትጠቀጥቅ ነበር። በዑደቱ ቀን ተረከዟ ሲደማም «ለኃጢአቴ ነው» ብላ ትችለው ነበር።

ዘንድሮ ግን ለልኬቱ በነጠላ ጫማ መጣች።

ሴቶቹን የምትለካው ወይዘሮ፣ ዶኛ ኤውላሊያ፣ የመለኪያ በትሯን አስጠግታ ሳቀች። «ምነው እቴ፣ ሟሟሽ እንዴ? በዚህ ቁመትሽ እመቤታችንን ልታዋርጃት ነው?»

ሴቶቹ ተንከተከቱ። የብሪሂዳ ደም ፈላ።

«አልሟሟሁም። እግዜር የሠራኝ ይኸው ነው» አለች፣ በትሩን ከትከሻዋ ገፍታ። «እስቲ ይንገሩኝ ዶኛ፤ ስምዖንን የጌታን መስቀል ሲያሸክሙት ቁመቱን ማን ለካው?»