ከሁለት ወንበር የሚነበብ ስክሪን

አራሚዋ መነጽሯን ወለወለች። ከዚያ ስክሪኑን ወለወለች። ከዚያ ደግሞ መልሳ መነጽሯን። ነጠላ ሰረዙና ድርብ ሰረዙ ግን አሁንም አንድ ዓይነት የጥጥ ብናኝ መስለው ቀሩ።

ማተሚያ ቤቱ ባለፈው መጽሐፍ ተቀይሟታል። «እርስዎ እንኳ እንዲህ አልነበሩም» ብሏት ነበር አዘጋጁ፤ ቀጥሎ ሊል ያሰበውን ትቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ይኼኛውንም ካበላሸች ሥራው ወደ ሌላ ሰው እንደሚሄድ ለመረዳት የቀረውን መስማት አላስፈለጋትም። የላፕቶፑ ፊደል ዓይኗን ቢያደክማት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጨርቅ ለብሶ የቆመውን ትልቁን ሞኒተር ገልጣ አገናኘችው። መጀመሪያ ፊደሉ ጉንዳን አከለ። ሪዞሉሽኑን ዝቅ ስታደርገው ተለቀ፤ ተልቆም ደበዘዘ።

እሷም ባሏም አራሚዎች ነበሩ። እሱ ረቂቁን ይዞ ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር እየጠራ ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ዝናቡ ቆመ ነጠላ ሰረዝ እሷ ግን አልወጣችም አራት ነጥብ»። እሷ በስክሪኑ ላይ ትከተልና «ቀጥል» ትለዋለች። አንዳንዴ ይረሳና ምሳ ላይ «ጨው አቀብይኝ አራት ነጥብ» ይላት ነበር።

የባሏ ታናሽ ወንድም ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ደወለችለት።

«እትዬ! ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ይኼ ሞኒተር ደብዝዞብኝ ነው እንጂ።»

«ጨርቅ አንስተሽ ወለወልሽው አይደል?»

«ወለወልኩት።»

«ጨርቁ ምን በደለ!» ሳቀ። «ፊደሉ እንዲተልቅልሽ ሪዞሉሽኑን ቀነስሽው?»

«አዎ።»

«በይ እሱ ነው። ፊደሉ የሚሠራባቸውን ነጥቦች ነው የቀነስሽበት። ወደ ከፍተኛው መልሺውና ከሱ በላይ ያለውን ስኬል ጨምሪ። ነጥቡ ሳይጎድል ፊደሉ ብቻ ይተልቃል።»

«ስንት ላድርገው?»

«ለጋሼ ሁለት መቶ ነበር ያደረግኩለት፤ ከሁለት ወንበር ይነበብ ብሎኝ። ለአንድ ሰው ግን...» ደነገጠ። «ማለቴ፣ እትዬ...»

«ንገረኝ እንጂ።»

«መቶ ሃምሳ ይበቃል። ቅዳሜ ብቅ ልበል?»

«ምን አለፋህ፤ ተስተካከለ እኮ። ልጆቹን ሳምልኝ።»

ገና ምንም አልነካችም። ስልኩን አስቀምጣ ሪዞሉሽኑን መለሰችና መጀመሪያ ስኬሉን ሁለት መቶ አደረገችው። ፊደሉ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ጠራ፤ ነገር ግን ከገጹ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ድሮ ግማሹ በቂ ነበር፤ የቀረው በሱ ድምፅ ይመጣል። አሁን ገጹን በሙሉ ማየት አለባት። መቶ ሃምሳ አደረገችው። ገጹ ሙሉ ሆኖ ቆመ፤ ከነጠላው ሥር ያለችው ሁለተኛዋ ሰረዝ እንኳ ተለይታ ትታያለች።

ጠዋቱን ሙሉ አንገቷን የጠመዘዘችው ሞኒተሩ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ስለተተከለ ነው። የሱን ወንበር ከግድግዳው አስጠጋች። የራሷን ወደ መሃል ሳበች።

ረቂቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ከንፈሯ ሳትወድ «ነጠላ ሰረዝ» ሲል ስክሪኑ ላይ ድርብ አገኘች። አረመችው። ጮክ ብላ ቀጠለች፤ «አራት ነጥብ» ላይ ስትደርስ ግን እሱ ያደርግ እንደነበረው «ቀጥል» እስክትባል ጠበቀች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንገቷን ሳታዞር ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች።