በሰው ህልም የሚመጣ ባል

«ትናንትም መጣ» አለች ፍሬሰላም፤ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ወደሷ ዞሩ። «ነጭ ለብሷል፣ ግን በረደኝ ይላል። እጁን እንዲህ ብብቱ ውስጥ ከትቶ።»

ቡዜ ፍራሹ ላይ እንዳቀረቀረች ቀና አላለችም። ባሏ ብርሃነ ከተቀበረ ወዲህ በሰፈሩ እሱን በህልሙ ያላየ ሰው የለም። የእድሩ አምኃ እንኳ ከካርታው ላይ ቀና ብሎ፣ «እኔም ጋ መጥቷል እኮ! ካርታ ስታጭበረብር ከላይ ሆኜ አየሁህ አለኝ» ሲል ወንዶቹ ሳቁ። ቡዜ አልሳቀችም። ለአጭበርባሪ ይታያል፤ ለሚስቱ አይታይም።

«በረደኝ ካለማ የሚለብሰው ይፈልጋል» አለች ሉሊ፣ የብርሃነ እህት። «ይተኛበት የነበረው ብርድ ልብስ በስሙ ለነዳይ ይሰጥ። ነገ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ይዤው እሄዳለሁ።»

ደንቡ ነው። ሙት በህልም የጠየቀውን ቤተሰቡ ለደሃ ይሰጣል። ቡዜም ለእናቷ አድርጋዋለች።

«አይሰጥም» አለች።

«ምን?»

«ከፈለገ እኔን ይጠይቀኝ። ቤቱን ያውቀዋል።»

«ኧረ ቡዜ! የሞተ ሰው በወረፋ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«አዎ። መጀመሪያ ሚስቱ ጋ።»

ተነሥታ ቤት ገባች። ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ወለሉ ላይ ካለው ፍራሽ ላይ አደረገችውና ላዩ ላይ ተቀመጠች። የሚነሣ ካለ ይምጣ።

ብርሃነ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ማታ ይወጣል፣ ሲነጋ ይገባል። ቆሞ ሲሄድ፣ ሲቀልድ ሌላው ሰው ነው የሚያውቀው፤ ለቡዜ የደረሳት እንቅልፉ ነው። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሲተኛ የሷ ሥራ ይጀምራል። የጎረቤት ልጆችን ዝም በሉ፣ ቆራሌውን ዝም በል፣ ባለ ሙዚቃ ቤቱን ቀንስ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ግሬደሩ እነሱ ጥግ የደረሰ ቀን ወጥታ፣ «ሰው ተኝቷል እዚህ!» ብላ ጮኸችበት። ሹፌሩም ግራ ገብቶት ሞተሩን አጥፍቶ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ብሌኑ ከዐይኑ ቆብ ሥር ወዲህ ወዲያ ማለት ሲጀምር፣ አሁን ህልም ውስጥ ገባ ትላለች። አንዳንዴ በትግርኛ ያወራል፤ እሷ ትግርኛ አትሰማም። አንዳንዴ ደግሞ ይስቃል። ነቅቶ እንደዚያ ስቆላት አያውቅም።

«ማንን አይተህ ነው?» ስትለው፣ ፊቱን እየታጠበ «እንጃ፣ ጠፋብኝ» ይላል።

በሴት ጠርጥራው አታውቅም። በህልሙ ግን ትቀና ነበር።

የሞተውም እንደተኛ ነው። ያን ቀን ሳይነቃ ቆየ። ደክሞት ነው ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ መንገደኛውን ሁሉ ዝም ስታሰኝ ዋለች። የሥራው ሰዓት ሲደርስ ገብታ ነካችው፤ ቀዝቅዟል። ለሬሳ ነበር ዝም በሉ ስትል የዋለችው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም። ቢመጣም እሺ አትለውም።

ፍሬሰላም በሳህን ምግብ ይዛ ገባች። ብርሃነ ይጋግርበት የነበረው ዳቦ ቤት ባንኮኒ ላይ የምትሸጥ ልጅ ናት።

«እትዬ ቡዜ፣ ትንሽ ይቅመሱ።»

«አንቺ ብዪው። ባሌን ስታስተናግጂ አድረሽ ደክሞሻል።»

ልጅቷ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «ምን ማለትዎ ነው?»

«ቆይ፣ ምኑ ነሽ? እኔን እርስዎ ትያለሽ፣ እሱን ግን መጣ፣ አለኝ። ቤቱን ትቶ አንቺ ጋ የሚመላለሰው ምኑ ብትሆኚ ነው?»

«እሱ ይጋግራል፣ እኔ እሸጣለሁ፣ በቃ። ማለቴ... ህልሙን ይነግረኝ ነበር።»

«ህልሙን?»

«ማታ ሥራ ሲገባ። ሽርጡን እያሰረ።»

«ለኔ እኮ ጠፋብኝ ነው የሚለኝ!»

«እርስዎን ነዋ የሚያየው! አንድ ጊዜ ወንዝ ዳር ነኝ አለኝ፤ ወንዙ ይጮኻል። እርስዎ መጥተው ዝም በል ሲሉት ቀጥ አለ። ሌላ ቀን ነጎድጓዱን። ደግሞ አንዴ ሠርግ ቤት ገብተው ሙዚቀኛውን ከነሙሽራው ጸጥ አደረጉት። ‹ተኝቼም አልለቀቀችኝም› እያለ በሳቅ ሊሞት።»

ለካ ድምጿ ይሰማው ኖሯል። የዘጋችውን በር አልፎ፣ የተከደነ ዐይኑን አልፎ ይገባ ኖሯል። ደስ ሊላት ሲል ሌላው ነገር ቀደማት። ያን ሳቅ ዐይኑን ገልጦ ሲስቀው የሰማችው ይቺ ልጅ ናት።

«ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ዝም በል ይሉታላ!»

ቡዜ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። በዚያ ይበልጥ ተናደደች።

«ታዲያ አሁን ለምን አይመጣልኝም?»

«መቼ ተኝተው ይምጣ?» አለች ፍሬሰላም ቀስ ብላ። «በምን በኩል ይግባ?»

ቡዜ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሣች፤ ሉሊን ጠርታ አስታቀፈቻት።

«እንዳይበርደው ነው» አለች፣ «ለሷ ህልም ብዬ እንዳይመስልሽ።»

ተመልሳ ስትገባ ፍሬሰላም ፍራሹ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወስዷታል። ከንጋት ጀምራ ባንኮኒ ላይ ቆማ የዋለች ልጅ ናት። ቡዜ አጠገቧ ተቀምጣ አየቻት። ብሌኗ ከቆቡ ሥር መመላለስ ጀመረ። ከንፈሯ ፈገግ አለ።

መጥቷል ማለት ነው።

ቡዜ እጇን ሰነዘረች፤ ትከሻዋን ይዛ ልትንጣት። ንቂ ልትላት፣ ከዚያ ልታስወጣው። ግን ብትነቃ እሱም ይሄዳል። እጇን መለሰች።

ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ በጎኗ ጋደም አለች። ከልጅቷ ትራስ ጫፉን ተጋራች፤ ግንባሯን የልጅቷን ግንባር እስኪነካ አስጠጋችና ዐይኗን ጨፈነች።