ቤትከ ያለኝ ዓረብ

ቄስ ያየህ ኢየሩሳሌም ተሳልመው ደባርቅ ከተመለሱ ወዲህ ሰንበቴም ላይ፣ ተዝካርም ላይ የሚያወሩት አንድ ወሬ ነበር። ወጡ ሳይቀርብ ይጀምሩታል፤ መሶቡ ሲነሣም ገና አልጨረሱም።

«ትንሣኤን አክብረን እግር ጥሎኝ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ዓረብ ነው፤ ግን ክርስቲያን። ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ቤትከ!› በግእዝ! ቤትህ ነው ማለቱ ነዋ። ምስር በዳቦ አቀረበልኝ። የአገሩን ገንዘብ፣ የዮርዳኖሱን ዲናር ከመቀነቴ ሳወጣ እጄን መለሰው። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ በየቀኑ አበላኝ፤ ቤሳ ቤስቲን አልተቀበለኝም። ተሰናብቼው ስወጣ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተከትሎኝ እጁን ዘረጋ። ቡራኬ ፈልጎ ነው። መስቀሌን አሳለምኩት።»

እዚህ ላይ አሮጊቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ቄስ ያየህ ግን በእንባ ብቻ አይለቁም። ገበያ ዳር ለመንገደኛ ምግብ የምትሸጠውን በለጠችን በዓይናቸው ይፈልጓታል። በለጠች ባሏ የሞተባት፣ ለከርሞ ኢየሩሳሌም ልትሄድ ሳንቲም የምታጠራቅም ሴት ናት።

«አንቺስ? ከራብተኛ ኪስ በለቀምሽው ገንዘብ ነው ጎልጎታ የምትደርሺው?» ይሏታል በሰው ፊት። እሷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ ታደርጋለች።

ሐምሌ ላይ የፋኖሳቸው መስታወት ተሰበረና ከባለቤታቸው ከእናናዬ ጋር ዓረብ ሱቅ ሄዱ። ባለሱቁ የመናዊው ዓሊ ነው። ተራ ሲጠብቁ ከጎንደር የመጣ አንድ የአገሩ ሰው ሳሙና አንሥቶ ብር አወጣ። ዓሊ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «በይታክ! በይታክ!» እያለ ብሩን መለሰለት። ሰውየው እየሣቀ እንደገና ሰጠው፤ ዓሊም እንደገና መለሰ። ሰውየው ብሩን ግድ ብሎ እጁ ውስጥ ሲያስጨብጠው ግን ተቀበለ፤ ተቀብሎም መልሱን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሰጠ።

ቄስ ያየህ ቃሏን ኢየሩሳሌም ሰምተዋታል፤ በግእዝ ‹ቤትከ› የመሰለቻቸው እሷው ነበረች። «ቤትህ ነው ካልከው በኋላ ለምን ተቀበልከው?» አሉት።

«ወግ ነዋ፣ አባ!» ሣቀ ዓሊ። «ሁሉም እግዜር ይስጥልኝ እያለ ቢወጣማ ሱቁ በምን ይቆማል?»

እናናዬ ዞር ብላ ባሏን አየቻቸው። መንገድ ላይ፣ «አንቱ፣ ያ የኢየሩሳሌሙ ሰውዬ እጁን የዘረጋው...» ስትል «ዝም በይ!» አሏት። ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር።

ወጉ እኮ አገራቸውም ያለ ወግ ነው። ደባርቅ ውስጥ እንግዳ «በልቻለሁ» ቢል ማን ያምነዋል? «በሞቴ» ተብሎ፣ ተለምኖ ነው የሚበላው። እሳቸው ራሳቸው እንግዳ አፍ ውስጥ ጉርሻ በግድ ሲከቱ ኖረዋል። ዲናሩን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሰጥተው፣ ሲመለስላቸው ደስ ብሏቸው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ያ ምስኪን ሒሳቡን ሊጠይቅ መንገድ ድረስ ወጥቶ መስቀል ስሞ ተመለሰ! ይህን ባሰቡ ቁጥር ብቻቸውን ሆነው እንኳ ፊታቸውን በጋቢያቸው ይሸፍኑ ነበር።

ሕዝቡ እንዲያውቅባቸው ቆረጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። «የሰው ላብ በልቼ ነው የመጣሁት። ያንን ስብከት አድርጌ በለጠችን አዋረድኩበት» አሉ።

የሚያምናቸው ጠፋ። «ወይ ትሕትና! በስጦታ የበሉትን እንኳ ዕዳ አደረጉት!» አሉ ሽማግሌው ገብረ ኪዳን። ሰው መስቀላቸውን ሊሳለም ተጋፋ። ቄስ ያየህ «ኧረ እውነቴን ነው» ይበሉ እንጂ ልባቸው ለስለስ አለ። ሊዋረዱ ቆመው ከበፊቱ ይልቅ ከበሩ፤ ክብሩንም አልጠሉትም።

በለጠች ከሴቶቹ መካከል ድምፅዋን ከፍ አደረገች። የምትናገረው ከልቧ ነበር። «አባቴ፣ እኔ ለዐቢይ ጾም መሄዴ ነው። ገንዘቡን ይስጡኝና ላድርስልዎት። ሰውየው ስሙ ማን ይባላል?»

ቄስ ያየህ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ሁሉ ቀን ማዕዱ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያን ሁሉ ወር ስለ እሱ ሰብከዋል።

«ስሙን... አልጠየቅሁትም» አሉ።

ግፊያው ቆመ። ሊሳለሙ ጎንበስ ያሉት ገብረ ኪዳን መስቀሉን ሳይስሙ ቀና አሉ። በለጠች ለእሳቸው አፍራ መሬት መሬቱን ታይ ጀመር።