«በኋላ እነግርሻለሁ»

ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ምን እንደተባለ ጠይቃችሁ፣ «ምንም አይደል፣ በኋላ እነግራችኋለሁ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ያ «በኋላ» መጥቶ ያውቃል?

ለእሷ አንድም ቀን አልመጣም። በአራት ዓመቷ ትኩሳት ጆሮዋን ከወሰደባት ጀምሮ፣ ገበታ ላይ የታላቅ እህቷን ክንድ እየጎተተች «እትዬ፣ ምን አሉ?» ስትል አደገች። እህቷ እንባዋ እስኪፈስ ስቃ ስታበቃ፣ ከንፈሯን እንድታነብ ዞር ብላ «አባዬ ስለ ጎረቤት ቀለደ» ትላታለች። በቃ። የሩብ ሰዓት ሳቅ በአራት ቃል! ክፋት አልነበረባትም፤ ግን የሚነገረውንና የሚቀረውን የምትመርጠው እሷ ነበረች። ታናሽየዋ በእልህ ሒሳብ ተማረች፣ በእልህ ኮምፒውተር ተማረች፤ በመጨረሻም የሰውን ንግግር አንዲት ቃል ሳያስቀር ስልክ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራች።

መሥሪያ ቤት «ራዳር» ይሏታል፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለማ። ፕሮግራሙ ለሕዝብ ሊቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ነገር ቆረቆራት። ስትፈትሽ ሁልጊዜ በግራ ድምፅ ሲኖር የሚዘለውን መስመር፣ በቀኝ ጽሑፉን ትከፍታለች። ሥራ አስኪያጁ በመራው ስብሰባ መካከል ከጀርባዋ የተቀመጠው የሽያጭ ኃላፊ አንድ ነገር ሲናገር መስመሩ ዘለለ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጽሑፉ «እሺ፣ እንቀጥል» ብቻ።

«ምን አለ?» ብላ አጠገቧ ያለውን ፕሮግራመር ጠየቀችው።

«ኧረ ተይው ራዳር፣ ቀልድ ነው።» ዓይኑን አሸሸ።

ተይው! ደሟ ፈላ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላመነችም፤ ሻይ የሚያቀብላትን ሰው እንኳ ከንፈሩን በጥርጣሬ ታየው ጀመር። በምሳ ሰዓት ልብስ ሰፊ ወደሆነችው እህቷ ሱቅ በረረች።

«እትዬ፣ ስደቢኝ።»

እህቷ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣች። «አበድሽ?»

«ስልኩ ላይ። ደህና አድርገሽ።»

«አንቺ ደንቆሮ! ግትር! ፊትሽ ያልተተኮሰ ሸሚዝ የመሰለ! ምሳሽን በልተሻል?»

ስልኩ ላይ የወጣው፦ «ምሳሽን በልተሻል?»

እህቷ አየችው። መሳቅ ጀምራ ነበር፤ መሃል ላይ ተወችው። «ይሄ እኮ እኔን ነው የሚመስለው፣ ያኔ ገበታ ላይ» አለች ቀስ ብላ።

ራዳር ተመልሳ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። ሳይነገራት የገባ ዝርዝር አገኘች፤ ሰሚውን «ሊያስከፉ የሚችሉ» ንግግሮች ሁሉ እንዲዘለሉ ያዛል። የፈቀደው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ቢሮው ገብታ ጠየቀችው።

«ለእናንተው ብለን ነው፣ እህቴ» አላት ትከሻዋን እየነካ። «እንዳይከፋችሁ።»

ለእኛ? ሰዳቢው የተናገረው ተሸፍኖለት በሰላም ሲወጣ፣ ተሰዳቢው ፈገግ ብሎ ሲቀመጥ፣ የተጠበቀው ማን ነው?

በሦስተኛው ቀን አዳራሹ ስልክ በያዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሞላ። ሥራ አስኪያጁ «ሁሉንም ትሰማላችሁ» ብሎ ሲያስጨበጭብ፣ ራዳር ከፊት ወንበር ተነስታ ማይኩን ከእጁ ወሰደች።

«ዝርዝሩን ዛሬ ጠዋት አጥፍቼዋለሁ። ከአሁን በኋላ የሚሉት ሁሉ፣ ሳል ሳይቀር፣ በእነዚህ ሰዎች ስልክ ላይ ይጻፋል። እንግዲህ ጌታዬ፣ ያን ቀን ከጀርባዬ የተሳቀው በምን ነበር? እኛ ስለ ራሳችን የተባለውን እንዳናውቅ ማን ፈቀደልዎት? እዚሁ፣ በሁሉም ፊት ይመልሱ። በኋላ እንዳይሉኝ!»